መንገድ ላይ የማይነገር

«ቀረጽሽው? በይ እንጂ፣ ቀረጽሽው ወይ?»

ይኄይስ በጂፑ መስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ከዳገቱ አናት ላይ ይጮኻል። ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። የጂፑ ጎማዎች ጭቃ ከመልበሳቸው የተነሣ ጎማ መሆናቸው ያጠራጥራል። የእህቱ ልጅ ቶሃር ግን እታች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ደርቃ ቀርታለች። አልቀረጸችውም። ጂፑ ዳገቱን ሊጀምር ሲል ነው እናቷ የደወለችው።

«ትሰሚኛለሽ ቶሃር?» አለች እናቷ ኤስቲ። አልቅሶ አልቅሶ የደረቀ ድምፅ ነው። «እምዬ አረፈች። ዛሬ ጠዋት፣ እዚያው ሆስፒታል። ለአጎትሽ እንዳትነግሪው። አደራ! ሽማግሌዎቹ ቤት መጥተዋል፤ እነሱ ይነግሩታል። አንቺ ብቻ ቶሎ ይዘሽው ነይ። እንግዳ መጥቷል በይው። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሰንበት ሳይገባ መቀበር አለባት፤ እኩለ ቀን ላይ ነው ብለውናል። ማንንም አይጠብቁም።»

«ኢማ...» አለች ቶሃር፤ እናቷን በዕብራይስጥ ነው የምትጠራት።

«እንዳታለቅሺ። ካለቀስሽ ያውቅብሻል።» ስልኩ ተዘጋ።

እምዬ የቶሃር አያት ናት፤ የኤስቲና የይኄይስ እናት፣ ታይቱ። ረቡዕ ዕለት ለምርመራ ነበር ሆስፒታል የገባችው። እሑድ ትወጣለች ብሎ ዶክተሩ ራሱ ነግሯቸዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቶሃር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳለች እምዬ የሆስፒታሉን ሾርባ «ይኼ እጅ የታጠቡበት ውኃ ነው» እያለች ነርሷን ስታሥቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይሞታል? ቶሃር ይህን የምትጠይቀው ሰው ፈለገች። አጠገቧ ያለው ይኄይስ ብቻ ነው፤ ከሰው ሁሉ ተለይቶ ደግሞ እሱ ነው የማይጠየቀው።

«ቀረጽኩት!» ብላ ጮኸች። የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ዳገቱን በእግሯ እየተንሸራተተች ወጣች። ጂፑ ጋ ስትደርስ ከኋላ ወንበር የውኃ ጠርሙስ አንስታ ፊቷን ታጠበች። «ጭቃ ረጨህብኝ» አለችው።

«ጭቃ ለቆዳ ጥሩ ነው፤ ሰው ከፍሎ ይቀባዋል» አለ ይኄይስ። «ግቢ፣ ግቢ። አየሽ እንዴት እንደወጣች? ዋላ፣ ጉድ እኮ ነው፣ እንደ ፍየል!»

«ዶድ፣ እንሂድ። ኢማ ደውላ ነበር። ቤት እንግዳ መጥቷል።» አጎቷንም «ዶድ» ነው የምትለው።

«ማን?»

«እንጃ። ከሃይፋ ነው መሰለኝ።»

«የሃይፋ እንግዳ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል። ዋናውን ነገር ገና አላሳየሁሽም።»

ይኄይስ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ካሉት ጋራዦች በአንዱ የጭነት መኪና ሲጠግን ይውላል። ከሥራ በኋላ ደግሞ የራሱ ጂፕ ሥር ይገባል። አሮጌ፣ ትንሽ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ ጂፕ ነው፤ ቀለሙ ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። አሁን ከራዲዮው በታች አንዲት አዲስ ቀይ ማብሪያ ተተክላለች። ይኄይስ ጣቱን እላይዋ ላይ ሲያኖር የተኛ ሕፃን ጉንጭ የሚነካ ይመስላል።

«ስሚኝ» አላት፣ መምህር መሆን ሲያምረው የሚያወጣውን ድምፅ አውጥቶ። «መኪና ሲታጠፍ የውጪኛው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት መዞር አለባቸው። ይኼን የሚፈቅድላቸው ዲፍረንሻሉ ነው። አስፋልት ላይ ሳባባ፣ ችግር የለም። ጭቃ ውስጥ ግን ጅል ይሆናል። አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ጉልበቱን ሁሉ ለእሱ ይሰጠዋል። መሬት የረገጠው ቁጭ ብሎ፣ የተንጠለጠለው በባዶ ሲሽከረከር ይውላል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቶሃር «እንደ እኛ ክፍል የቡድን ሥራ ነዋ» ትለውና ሁለቱም ይሥቁ ነበር። ዛሬ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

«ነዒላ፣ መቆለፊያው ማለት ነው፣ ምን ያደርጋል? ይቆልፋል። ይቺን ስትጫኚ አየሩ ጭስስ ብሎ ይገባና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ ያስራቸዋል። አንዱ ከዞረ ሌላውም መዞሩ ግድ ነው። መሬት የረገጠው ይገፋል፣ መኪናው ይወጣል። አስፋልት ላይ ስትደርሺ ግን መፍታት ነው፤ እንደተቆለፈ ከታጠፍሽ አክስሉን ትሰብሪዋለሽ። ገባሽ?»

«ገባኝ። ዶድ፣ እንሂድ።»

«ምን ያስቸኩልሻል? የእምዬን ዋዲ ሳላሳይሽ?»

ጂፑን ጥቂት አስጠግቶ አቆመውና በጣቱ ወደ ታች አመለከተ። ኮረብታው ሥር ዋዲው፣ የጎርፍ መውረጃው፣ ይታያል። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከሰሞኑ ዝናብ በኋላ ግን ቡናማ ጭቃና ኩሬ ሆኗል። ከዋዲው ማዶ ሜዳው እስከ ዳር ቀይ በቀይ ነው። ካላኒት የምትባለው አበባ ፈንድታለች። ከዚያ ወዲያ አውራ ጎዳናው፣ ከእሱም በላይ የካርሜ ጋት ሰፈር አዳዲስ ፎቆች ብቅ ብለዋል።

ታሪኩን ቶሃር በቃሏ ታውቀዋለች። እምዬ ያንን ቀይ ሜዳ በየዓመቱ ከአውቶቡስ መስኮት ነበር የምታየው። አምና በዚህ ወቅት ይኄይስ «እዚያው መሐሉ ድረስ አገባሻለሁ» ብሎ በዚህ ጂፕ ይዟት መጣ። ዋዲው መሐል አንዱ የኋላ ጎማ ተንጠለጠለና እዚያው ሲሽከረከር ቀረ። በመጨረሻ ከአጠገቡ መንደር አንድ ገበሬ በትራክተር ጎትቶ አወጣቸው። እምዬ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ባላት ዕብራይስጥ ሁሉ ለገበሬው «ልጄ መካኒክ ነው፣ መካኒክ!» ትለው ነበር። ሰውየው ሣቀ። ይኄይስ ግን በእፍረት ሊሞት ደረሰ። ጎትቶ ያወጣቸው በመጡበት በኩል ስለነበር ሜዳው ጋ ሳይደርሱ ተመለሱ።

«ለዚህ ነው ይኼን ሁሉ የሠራሁት» አለ ይኄይስ። «ዛሬ ዳገቱን ብቻ ነው የሞከርኩት። ዋዲውን አልነካውም። በመጪው ዓርብ ከእሷ ጋር ነው የምሻገረው። ፊት ወንበር አስቀምጫት። ያ ትራክተር ቆሞ ይመልከተኝ።»

ቶሃር ወደ መስኮቱ ዞረች። ልቧ ተሰብሮ ነበር፤ የተሰበረውን ደግሞ የምታስቀምጥበት ቦታ አልነበራትም። እናቷ አደራ ብላታለች። መርዶ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው፤ መጀመሪያ ሰውየው ቤት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ባዶ ሆዱን እንዳይሰማ እህል ይቀምሳል፣ ከዚያ ይነገረዋል። በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ አይነገርም፤ መሪ ላይ ያለ ሰው ይገለበጣላ። ይህ ሕግ ክፋት እንደሌለበት ታውቃለች።

ነገር ግን የይኄይስንም ነገር ታውቃለች፤ ራሱ ነው የነገራት። አባቱ የሞቱ ጊዜ በእሷ ዕድሜ ነበር፤ ፕኒሚያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር የሚማረው። «እናትህ ናፍቃሃለች፣ ለሰንበት ና» ብለው ደወሉለት። የቆሸሸ ልብሱን በሻንጣ ይዞ፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ መጣ። ከሕንጻው ሥር ድንኳኑን አየ። አባቱ የተቀበሩት በዋዜማው ነበር። «አንድ እፍኝ አፈር እንኳ አላለበስኩትም» ብሎ ነበር የነገራት፤ ይህን ሲላት ያያት አልነበረም፣ የጂፑን ኮፈን ነበር የሚያየው።

«ቆይ፣ ለእምዬ በቪዲዮ ልደውልላት» አለ ይኄይስ። «ሜዳውን አሁኑኑ ትየው።»

«አይ! ተኝታ ይሆናል...»

«በዚህ ሰዓት እምዬ ትተኛለች? አታውቂያትማ።»

ስልኩን ከፍ አድርጎ ሜዳው ከኋላው እንዲታይ ፊቱን አስተካከለ። ጸጉሩን ሳይቀር በእጁ ደባበሰ። ስልኩ ጠራ። ጠራ። ጠራ። የሚያነሣው አልነበረም። ቶሃር ስልኩ የት ሆኖ እንደሚጠራ አሰበች፤ በባዶ አልጋ አጠገብ፣ ወይ በእናቷ ቦርሳ ውስጥ። ይኄይስ ዘጋውና በድምፅ መልእክት ይናገር ጀመር። «እምዬ፣ ስልክሽን አንሺ እንጂ። አበባው ወጥቷል። ዓርብ ያንን ነጩን ቀሚስሽን ልበሺ፤ ይኼውልሽ ዘንድሮ ትራክተር የለም...»

«ሞተሩን አጥፋው» አለችው ቶሃር።

«ምን ሆንሽ? አቅለሸለሸሽ?»

«አጥፋውና ቁልፉን ስጠኝ። እባክህ።»

እየሣቀ አጠፋው። ቁልፉን መዳፏ ላይ ሲያኖር ግን ፊቷን አየ። ሣቁ እዚያው ቀረ።

ቶሃር መርዶ እንዴት እንደሚነገር አታውቅም። ሽማግሌዎች ከሩቅ ነው የሚጀምሩት፤ ስለ ፈጣሪ ሥራ፣ ስለ ሰው ልጅ ዕድል፣ አዙረው አዙረው ነው ወደ ነገሩ የሚገቡት። እሷ ያላት አማርኛ ለዚህ አይበቃም።

«እምዬ ሞተች» አለችው።

ይኄይስ ቁልፉን የሰጠበትን እጁን ተመለከተ። ከዚያ እንደ ሕፃን ግራ በተጋባ ድምፅ፣ «ታዲያ እንግዳው ማነው?» አላት።

«እንግዳ የለም። ሽማግሌዎቹ ናቸው።»

በሩን ከፍቶ ወረደ። ጥቂት ርምጃ ሄደና ጀርባውን ሰጥቷት ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ቶሃር ተከትላው ወርዳ ከኋላው ቆመች። ልታቅፈው ፈለገች፤ እንዴት እንደሚታቀፍ ጠፋት። ቁልፉን በእጇ ጨብጣ ብቻ እያለቀሰች ቆመች። ስታለቅስ እንደ ቀለላት ስታውቅ ደግሞ አፈረች፤ ሸክሟን አውርዳ እሱ ላይ የጫነች መሰላት።

«ቀብሩስ?» አለ ሳይዞር።

«እኩለ ቀን ላይ። አይጠብቁም አለች ኢማ።»

ተነሣ። ሰማዩን አየ፤ ሰዓቱን አየ። የመጡበት መንገድ ኮረብታውን ዞሮ፣ ድልድዩን ፈልጎ፣ በጠጠር ተንቀጥቅጦ ነው ከተማ የሚደርሰው። ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ዋዲው ተመለከቱ። ማዶ ላይ አውራ ጎዳናው ቅርብ ነው።

«በመጣንበት አንደርስም» አለ ይኄይስ። እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን።»

«መንዳት ትችላለህ?»

«አላውቅም። ዓይኔ አያይልኝም።»

«እኔ አይልሃለሁ።»

ጫማዋን አውልቃ ጂፑ ውስጥ ወረወረችና ቀድማው ወደ ዋዲው ወረደች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ይቀዘቅዛል። በእግሯ እየዳበሰች፣ ድንጋይ ያለበትን እየፈለገች በእጇ ትመራዋለች። «ወደ ቀኝ! ትንሽ! ተወው፣ ቀጥ በል!» ጂፑ እየተንገዳገደ ተከተላት። ይኄይስ በክንዱ ዓይኑን ይጠርጋል፣ እጇን ያያል፣ ደግሞ ይጠርጋል።

መሐል ላይ ሲደርስ አምና የያዛቸው ጉድጓድ ያዘው። ጂፑ ጋደል አለ። የግራ የኋላ ጎማው ከጭቃው ተነሥቶ አየር ላይ ይሽከረከር ጀመር፤ የቀኙ ንቅንቅ አላለም። የሞተሩ ጩኸት ከፍ አለ፣ ጂፑ ግን ባለበት ቆሟል።

«ዶድ! ነዒላ!» ብላ ጮኸች ቶሃር። «ቆልፈው!»

ይኄይስ ሞተሩን አበረደ። የአየሩ ድምፅ ጭስስ ሲል እሷም ዘንድ ተሰማ። ቀስ ብሎ ነዳጅ ሰጠው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ዞሩ፤ ቀኙ ድንጋዩን ነከሰ፣ ጂፑ አንዴ ተንፈራገጠና ከጉድጓዱ ወጣ። ከዚያም ውኃ እያንጠባጠበ የማዶውን ዳርቻ ወጣ። እንዲህ ቀላል ነበር። ጭብጨባም አልነበረ፣ ትራክተርም አልነበረ።

ቶሃር ስትገባ ፊት ወንበር ላይ የራሷ ጭቃ የነካው ጫማ ተቀምጦ አገኘችው። አንሥታው ተቀመጠች። በቀዩ ሜዳ መሐል ሲያልፉ አበባው ከጎማዎቹ ሥር ጀምሮ ግራና ቀኝ ተነጥፎ ነበር። ይኄይስ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላየም። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ማብሪያውን ነካ፤ መቆለፊያው ተፈታ።

ወደ ከተማ ሲገቡ ነው የተናገረው። «ስሚ ቶሃር። እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«መንገድ ላይ እንደነገርሽኝ ካወቁ እድሜ ልክሽን ሲያነሡብሽ ይኖራሉ። የእናትሽን አደራ በላሽ ይሉሻል። ይንገሩኝ። እንደ አዲስ እሰማለሁ።»

«መጀመሪያ ሊያበሉህ ነው። ጊዜው ይሄዳል።»

«ቶሎ እበላለሁ» አለ ይኄይስ።

ከሕንጻቸው ሥር ድንኳን አልነበረም፤ የአባቱ ጊዜ እንደሆነው እንዳይሆን እሱ ሳይሰማ አልተከሉትም። ቤት ውስጥ ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። ኤስቲ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ሳይሆን እንደ ወትሮው ለብሳ፣ ዓይኗን ከወንድሟ እያሸሸች ቆማለች። ትልቁ ሽማግሌ አባ ሞርደካይ ናቸው፤ ከእምዬ ጋር የአንድ አገር ሰው፣ በአንድ አውሮፕላን የመጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ይኄይስን በፈገግታ ሊቀበሉት ሞከሩ። ፈገግታው አላማረባቸውም።

«ና፣ ና ልጄ። እርቦህ መጣህ። እስቲ እህል ቅመስ፣ ከዚያ እንጫወታለን።»

«እንዴት አደሩ፣ አባ» አለ ይኄይስ። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ኤስቲ ዳቦና ወጥ አቀረበችለት። ቆረሰ። ጎረሰ።

ቶሃር በሩ ላይ፣ ጭቃ ባለበት እግሯ ቆማ ታየዋለች። ያኝካል። ያኝካል። አልዋጥ ብሎታል። አባ ሞርደካይ «ብላ፣ ብላ፣ አይዞህ» ይሉታል በርኅራኄ፤ ከልባቸው ነው። ይኄይስ ሌላ ቆረሰ። ጉንጩ ሞልቷል፤ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሰዓት ሸሸት አለና ተመለሰ። እሱ እዚህ የሚያኝከው እሷ እንዳትወቀስ ነው። እናቱ ደግሞ እዚያ እየጠበቀችው ነው፤ ቀባሪዎቹ ግን አይጠብቁትም።

ቶሃር እናቷን አየች። አደራ ያለችውን ድምፅ አስታወሰች። ከዚያ ምንጣፉን በጭቃ እያቆሸሸች ወደ መሐል ገባች።

«አባ ሞርደካይ፣ አያብሉት። ያውቃል። የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ቶሃር!» ኤስቲ እጇን በአፏ ላይ አደረገች።

አባ ሞርደካይ ቀስ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። «መሪ እንደያዘ ነገርሽው?»

«ሞተሩን አጥፍቶ ነው። ቁልፉን ተቀብዬው ነው።» ወደ እናቷ ሳትዞር ቀጠለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባቱን ሳይቀብር ቀርቷል። እሷን ግን ይድረስባት።»

ሽማግሌው ወደ ይኄይስ ዞረው ብዙ አዩት፤ የሞላውን ጉንጩን፣ የጭቃ ጉልበቱን።

«ታዲያ ለምን ትበላለህ፣ ልጄ?» አሉት።

ይኄይስ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ያላመጠውን ዳቦ በመዳፉ ተቀብሎ ሳህኑ ላይ አኖረና፣ ጠዋት ዋዲው አጠገብ የያዘውን ድምፅ ለቀቀው። ግድግዳው የሚሰነጠቅ እስኪመስል ድረስ «እምዬ!» ብሎ ጮኸ። ኤስቲ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ገልብጣ ለበሰችና ወንድሟ አንገት ላይ ወደቀች።

አባ ሞርደካይ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ተነሡ እንጂ» አሉ ለቀሩት። «ሰዓት አለን።» በቶሃር አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ፤ አልገሠጿትም፣ አልመረቋትምም። ክንዳቸውን ዘርግተው ደረጃውን ደግፋ እንድታወርዳቸው ጠበቁ።

ቶሃር ክንዳቸውን ያዘች።